አዲሱን ከመክፈትሽ በፊት የትኛውን መዝገብ ትዘጊያለሽ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የለውጥ ሥራዎች ቡድን መሪ ናት። ሥራ ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። «እያንዳንዱ የሥራ ክፍል በየሩብ ዓመቱ ሁለት ሁለት አዲስ ፈጠራ ሪፖርት ያድርግ ተባልን። አምና አሥራ አራት ሐሳብ ሰበሰብን። ሦስቱን ሞከርን። ዛሬ አንዱም በሕይወት የለም። ኃላፊው ሲቀየር የቀረችውም አንዷ ሞተች። ሠራተኛው ‹ደግሞ ምን አመጣሽ› እያለ ያየኛል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈጠራን መምራት ይቻላል ወይ? ከየት ልጀምር? ሶፍትዌር ብናሠራስ ይሻል ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። በሲቪል ሰርቪስ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። አብዛኛውን ያሳለፍኩት አሁን አንቺ በያዝሽው ሥራ ላይ ነው። ቢ.ፒ.አር. (የሥራ ሂደትን ከሥሩ መቀየር) ሲመጣ ነበርኩ። ቢ.ኤስ.ሲ. (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) ሲመጣም ነበርኩ። አንድ ለአምስት ተደራጅቻለሁ። ካይዘን የሚሉትን የጃፓኖች አሠራርን ትንሽ በትንሽ የማሻሻል ዘዴ ሠልጥኛለሁ፣ አሠልጥኛለሁም። «ደግሞ ምን አመጣሽ» የሚለውን ዓይን በደንብ አውቀዋለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ይቻላል። ችግራችሁ ግን የሐሳብ እጥረት አይደለም። አሥራ አራት ሐሳብ ለአንድ ወረዳ ከበቂ በላይ ነው። አዲሶቹ አሠራሮች የሞቱት አሮጌዎቹ ስላልሞቱ ነው። እኛ ዘንድ አዲስ አሠራር አሮጌውን አይተካም፤ ላዩ ላይ ይደረባል። ሠራተኛው ሁለቱንም ይሸከማል። አንድ ቀን ሲደክመው አንዱን ይጥላል። የሚጥለው ደግሞ ማንም የማይጠይቀውን ነው። አዲሱን።

የካይዘንን አምስት «ማ»ዎች ታውቂያቸዋለሽ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ግድግዳው ላይ ያልለጠፋቸው ቢሮ ብዙ አላየሁም። ሦስተኛዋን እንችልበታለን፤ በተለይ ሱፐርቪዥን ሊመጣ ሲል። የሚያቅቱን የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ናቸው። ማጣራት ማለት የማያስፈልገውን ለይቶ ማውጣት ነው። እኛ የተሰበረ ወንበር እናወጣለን፤ የማያስፈልግ ቅጽ ግን አናወጣም። (ወንበሩን ለማስወገድ እንኳ ኮሚቴ ያስፈልጋል። እሱን ተዪው።)

የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የባለጉዳይ መከታተያ ካርድ አስጀመርኩ። ባለጉዳዩ ሲገባ ካርድ ይወጣለታል። ፋይሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ይጻፍበታል። የት እንደተኛ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሠራተኛው በሁለት ቀን ለመደው። ኃላፊው ደስ አለው። ከዞን ሰው መጥቶ ፎቶ አነሳ። በአራተኛው ወር ካርዶቹን መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ ታስረው አገኘኋቸው። አንዱም አልተሞላም። መዝገብ ቤት የምትሠራውን ልጅ «ምነው?» አልኳት። «ጋሼ፣ የገቢ መዝገቡን እሞላለሁ። የወጪ መዝገቡን እሞላለሁ። የማስረከቢያ ደብተሩን አስፈርማለሁ። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀኝ እነዚያን ነው። የእርስዎን ካርድ ማን ይጠይቀኛል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከሦስቱ አንዱን እንኳ የማስቀረት ፈቃድ ሳልይዝ አራተኛ ሥራ ጨምሬባት ነበር። ልጅቱ ሰነፍ አልነበረችም። የትኛው እንደሚያስጠይቃት አስልታ ነው የመረጠችው።

ይህ የአንድ ቢሮ ጉዳይ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጠይቂ። የቤተሰብ ማህደር የሚሉት የወረቀት ፋይል ነበራቸው። ቀጥሎ በታብሌት የሚሞላ ሥርዓት መጣላቸው። ጥሩ ነገር ነው። ብዙ ቦታ ግን ታብሌቱ ተጨመረ እንጂ ወረቀቱ አልቀረም። አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ትመዘገባለች፤ መዝጋቢዋም ሁለት ጊዜ ትደክማለች።

ከዚህ በተቃራኒ የሄደ አንድ ምሳሌ ልንገርሽ። የሕንዷ ካርናታካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ 20 ሚሊዮን ገደማ የገበሬ መሬት መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር አስገባች። «ቡሚ» ይሉታል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ለኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። አንድ ወረዳ ላይ አዲሱ መስኮት ሲከፈት በእጅ የተጻፈው ማስረጃ በሕግ ዋጋ እንዳይኖረው ተደረገ። የቀበሌ ጸሐፊው በእጁ ጽፎ ቢሰጥሽ ማንም አይቀበልሽም። መመለሻ የለም። ጸሐፊዎቹ ደስ አላላቸውም፤ ገበሬው ግን የተወሰነ ክፍያ ከፍሎ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ያለዚያ ውሳኔ ቢገባ ኖሮ ዛሬ ከነአቧራው ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ወደ አሥራ አራቱ ሐሳቦችሽ እንመለስ። አንዱን ብቻ ምረጪ። በጣም የሚያምረውን ሳይሆን ቢሳካ አንድ ነገር የሚያስቀርልሽን። አንድ ቅጽ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ምልልስ። የሚያስቀረው ነገር ከሌለ ለጊዜው ይቆይ።

ከዚያ ሊቀር የታሰበውን ነገር ባለቤት ፈልጊ። ይህን ቅጽ ማን ይጠይቃል? በየትኛው መመሪያ? ባይሞላ ማን ይጎዳል? ይህን ጥያቄ ይዘሽ ስትዞሪ የሚገርም ነገር ታገኛለሽ። አንዳንዱ ቅጽ ባለቤት የለውም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት ተብሎ በሰርኩላር የወረደ ነው። ጥናቱ አለቀ፣ ሰርኩላሩን የፈረመው ሰው ጡረታ ወጣ፣ ቅጹ ቀረ። እንደዚህ ያለውን በአንድ ማኔጅመንት ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ማስቀረት ትችያለሽ። ባለቤት ያለውን ግን በር ድረስ ሄደሽ አነጋግሪ። ፋይናንስ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የውስጥ ኦዲት ነው።

ስለ ኦዲተር አንድ ነገር ልበል፤ ስማቸው ያለ ጥፋታቸው ይጠፋል። ኦዲተር አዲስ ነገር አይጠላም። ኦዲተር የሚያየው ሥራው ከመመሪያው ጋር መግጠሙን ነው። አንቺ በቃል «ትተነዋል» ብትይው እሱ «ግኝት» ብሎ፣ ማለትም እንደ ጉድለት፣ ይጽፋል። ምን ያድርግ? ወረቀት ስጪው።

ወረቀቱን እኔ የሙከራ ደብዳቤ እለዋለሁ። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የትኛው አገልግሎት እንደሚሞከር ይናገራል። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ይናገራል፤ ከሦስት ወር አይለፍ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የትኛው መዝገብ እንደማይሞላ በስሙ ይጠራል። ውጤቱ በምን ቁጥር እንደሚለካ አስቀድሞ ያስቀምጣል። የመጨረሻው ቀን ደርሶ ውሳኔ ካልተሰጠ ወደ ቀድሞው አሠራር እንደሚመለስ ይገልጻል። ኃላፊው ይፈርምበታል። ግልባጭ ለውስጥ ኦዲት።

«ወደ ቀድሞው ይመለሳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሊያስከፋሽ ይችላል። አታውጪው። ኃላፊ የሚፈርመው መመለሻ ያለውን ነገር ነው። ደግሞም ሠራተኛው ለሦስት ወር ቀለል ያለውን ከለመደ በኋላ «ልንመለስ ነው» ሲባል ከአንቺ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ያ ጩኸት ከምትጽፊው የማጠቃለያ ሪፖርት ይበልጣል።

በወረዳ ደብዳቤ የማይሞከሩ ነገሮች እንዳሉም አትርሺ። የገንዘብ ደረሰኝ አይነካም። የግዥ ሥርዓት አይነካም። የሰው የመሬት መብት የተመዘገበበት ሰነድ አይነካም። እነዚህ ላይ ሐሳብ ካለሽ ወደ ላይ ጻፊ እንጂ እጅሽን አታስገቢ።

መሬት ካነሳሁ ዘንድ ከኛው ሀገር አንድ ታሪክ ልጨምር። ይህን ለሠልጣኞች ሁሌ እነግራለሁ፤ ሁለት ጊዜ ስለተሞከረ አንድ ሥራ ነው።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። በወረቀት ላይ ካየሽው የተሻሻለ አሠራር ነው። ሰው እንደ ገቢው ይክፈል ነው የሚለው። ጎጃም ግን ገማቾቹን አላስገባም አለ። ሞጣና ቢቸና ላይ ገበሬው ተነሣ። የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም። «መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊወስዱ ነው» ብሎ ነው። ከዚያ በፊትም በመሬት ልኬት ምክንያት ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ያውቃል። ጦር ዘመተ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ግብሩም ጎጃም ላይ ሳይሠራ ቀረ።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ፣ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዱ የኛው ጎዛምን ነበር። ያው መሬት፣ ያው ልኬት፣ ያው ጎጃም። በመሃሉ ደግሞ የ1989ኙ የመሬት ድልድል አለ፤ ቁስሉ ገና አልሻረም ነበር። ሰው በሩን ቢዘጋ ማንም አይፈርድበትም። ግን ወጥቶ ድንበሩን አሳየ።

ምን ተለየ? የመለኪያ ገመዱን የያዘው ከሩቅ የመጣ ገማች አይደለም። የቀበሌው ሰው ራሱ የመረጠው ኮሚቴ ነው። ጎረቤት በጎረቤቱ ፊት ቆሞ ድንበር ይመሰክራል። ውጤቱ በአደባባይ ይነገራል፤ ቅር ያለው እዚያው ይናገራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተለካበት ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል፤ የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር። ድልድል የፈራ ሰው ያን ደብተር ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ነው ያስቀመጠው። ወጪውም ትንሽ ነበር፤ በሀገር ደረጃ በአንድ ማሳ አንድ ዶላር ገደማ ነው የሚባለው። ለገመድና ለኮሚቴ ምን ያህል ይወጣል?

ማዝለቅ ላይ ግን እሱም ተንገዳገደ። አባት ሲሞት፣ መሬት ሲወረስ፣ በስጦታ ሲተላለፍ፣ ለውጡ ብዙ ቦታ በጊዜው መዝገቡ ላይ አልገባም። ካርታም አልነበረውም። በኋላ በአየር ፎቶ የታገዘ ሁለተኛ ዙር አስፈለገ።

ይህን ይዘሽ የሦስቱን የሞቱ ሙከራዎችሽን ነገር መርምሪ። ገመዱን ማን ነበር የያዘው? መዝገብ ቤት የምትቀመጠዋ ሠራተኛ አዲሱን ቅጽ ስታወጡ ነበረች ወይስ ተሠርቶ ነው የተሰጣት? ባለጉዳዩስ በእጁ ምን ይዞ ወጣ? ቀጠሮ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ቢሆን ነገር ነው። ያቺን ቁራጭ ወረቀት የያዘች አንዲት እናት «ማክሰኞ ብላችሁኛል፣ ይኸው ፊርማችሁ» ስትል ማንም «ነገ ተመለሽ» ሊላት አይደፍርም።

ሐሳብ ከየት ይመጣል ብትይ፣ ከአስተያየት መስጫ ሣጥን አይደለም። የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ወደ በሩ ውጪ። ከግቢው ማዶ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ቡና ጋብዢያቸው። ባለጉዳይ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ፣ ምን ጎድሎት እንደሚመለስ፣ የትኛው ቢሮ «ይህን ጨምር» እንደሚል እነሱ ያውቃሉ። ጥበቃውንም ጠይቂው። ሁለቱ የሚነግሩሽ ከማንኛውም መነሻ ጥናት አያንስም።

ለመለካት ደግሞ አትራቀቂ። አንድ ቁጥር ይበቃሻል፤ አንድ ሰው አንድን ጉዳይ ለመጨረስ ስንት ጊዜ ተመላለሰ? አርባ ሰው ጠይቂ። ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። የገበያ ቀን በሳምንቱ ውስጥ ይኑርበት። ሚካኤልን ወይም ማርያምን አትዝለያቸው፤ ገበሬው በበዓል በሬ ስለማይጠምድ ወደ ቢሮ የሚወጣው ያን ቀን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ኮሪደር ላይ ቆጥረሽ «እርካታ 92 በመቶ» የሚል ሪፖርት አታምጪልኝ። ብዙ አይቻለሁ።

ጊዜውንም በዚሁ ዓይን ምረጪ። በግንቦት አትጀምሪ። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ሁሉም ሒሳብ ላይ ነው፣ ማንም አይሰማሽም። ሐምሌና ነሐሴ እርሻ ነው። እኔ ብሆን በኅዳር እጀምራለሁ። ገበሬው አጨዳ ላይ ስለሆነ ሰልፉ ይሳሳል፤ ሠራተኛው ሳይዋከብ ይለምዳል። በጥር ሰው ሲጎርፍ አዲሱ አሠራር ይፈተናል። ፈተናውን ያላየ ነገር «ሠርቷል» አይባልም።

የኃላፊ መቀየር፣ ይህ እውነተኛ ሕመም ነው። መድኃኒቱ በከፊል ብቻ ነው ያለው። ዴንማርክ ማይንድላብ የሚባል ዝነኛ የመንግሥት የፈጠራ ማዕከል ነበራት። ከብዙ ሀገር ሰው እየሄደ ይጎበኘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፍቶ በ2018 ተዘጋ፤ የመንግሥት ትኩረት ወደ ሌላ ዞረ። እንግዲህ በዚያ ሀገር እንዲህ ከሆነ አንድ ወረዳ ላይ ቢሞት አይግረምሽ። ማድረግ የምትችይው ግን አለ። አዲሱን ነገር የኃላፊው ልጅ አታድርጊው። «የእገሌ አሠራር» የተባለ ነገር እገሌ ሲነሣ አብሮት ይነሣል። ሙከራው እንደተሳካ በቃለ ጉባኤ ጸድቆ የሥራ ክፍሉ የአሠራር ማንዋል ውስጥ ይግባ። የሠራተኛዋ የሥራ መዘርዝር ላይም ይጻፍ። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት «ጌታዬ፣ ይህን ያቁሙልን ወይስ ይቀጥል?» ብለሽ አትጠይቂው። ያለ ነገር አድርገሽ አሳዪው። የማያውቀውን ለማቆም እሱም ደብዳቤ መጻፍ ይኖርበታል፤ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ሁላችንም እንጠላለን።

በየሩብ ዓመቱ ሁለት ሁለት ፈጠራ ስለሚለው ኮታ፣ ተጣዪው አልልሽም። ከላይ የወረደ ነው፣ ትሞዪዋለሽ። ግን ሪፖርቱ ላይ «ያስቀረነው» የሚል ዐምድ ጨምሪ። አንድ ቅጽ ማስቀረት አዲስ አሠራር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? «ፈጠራ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ሰው ማሽን ይጠብቃል።

ሌላው የምፈራልሽ «ምርጥ ተሞክሮ ቀምሮ ማስፋት» የሚባለው ነው። አንቺ ጋ አንድ ነገር ከተሳካ በሁለተኛው ወር «በሁሉም ቀበሌ ይስፋ» ይባላል። አዊ ላይ የሆነውን አስቢ። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው የተጎዳ፣ አሲዳማ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በመሃሉ ጤፍ ይዘራበታል። በአራት በአምስት ዓመት ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። መሬቱም አገገመ፣ ኪሱም ሞላ። አሠራሩን ያዳበረው ከሁሉ በላይ ገበሬው ራሱ ነው፤ ባለሙያው ከኋላ ደረሰ። ጥሩ ነበር። ጥሩ ስለነበር ማሳው፣ ተረተሩ፣ የደጁ ዳር ሁሉ አንድ ዛፍ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽታ ገባበት። አንድ ዓይነት ዛፍ ላይ የገባ በሽታ የሚያግደው የለም፤ እሳት ሣር ላይ እንደሚሄደው ሄደ። እና «አስፉ» ሲሉሽ መጀመሪያ ሁለት ቀበሌ ብቻ ውሰጂ። አንዱ ለከተማው የቀረበ፣ አንዱ የራቀ። የሩቁ ላይ ምን እንደሚበላሽ ሳታዪ ወደ ሦስተኛው አትሂጂ።

የቀረው የሶፍትዌሩ ነገር ነው። ዘንድሮ አታሠሪ። ያለንበትን ሁኔታ ታውቂዋለሽ። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ያየን ሰዎች ነን፤ መብራቱንም መንገዱንም አንቺው ታውቂያለሽ። በወረቀት ሠርቶ ያላለፈ አሠራር ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ስህተቱን ይዞ ነው የሚገባው፤ ያኔ ለማረም ፕሮግራመር መጥራት አለብሽ፣ ፕሮግራመሩ ደግሞ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ካርዱ ለሦስት ወር ይሥራ። ሠራተኛዋ በእስክሪብቶ የትኛውን ሣጥን እንደምትዘለው እዪ፤ የምትዘለው ሣጥን ሶፍትዌሩ ውስጥ አያስፈልግም። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበሽ ከሆነ ግን አትጣዪው። ዋጋው እስከ ሐምሌ አይቆይልሽም፤ ዝርዝሩ ግን ለሚቀጥለው በጀት ጥያቄ መነሻ ይሆንሻል።